ሃያ ባይት

ፋይሉ አለ። ስሙ ትክክል ነው፣ ቀኑ ትክክል ነው፣ ከጎኑ አረንጓዴ ምልክት አለ። ትናንት ሌሊት አንድ፣ ከትናንት ወዲያ አንድ፣ ከዚያም በፊት በየሌሊቱ አንድ አንድ ፋይል ሰዓቱን ሳያዛንፍ ተቀምጧል። መጠኑ የተጻፈበትን ዓምድ ግን ማንም ልብ ብሎት አያውቅም። ሰርቨሩ ሞቶ፣ ሥራ አስኪያጁ ከጀርባዬ ቆመው፣ ያን ዕለት ጠዋት ለመጀመሪያ ጊዜ አየሁት። 20 ባይት። ከሥሩ 20 ባይት። ከሥሩም 20 ባይት። አርባ ስምንት ሌሊት ሙሉ፣ 20 ባይት።

በኮምፒውተር ውስጥ አንድ የአማርኛ ፊደል ዛሬ በተለመደው አሠራር ሦስት ባይት ይወስዳል። በየመሥሪያ ቤቱ መስኮት የምንሰማው «ሲስተም የለም» ሲጻፍ 22 ባይት ነው። የእኛ ባክአፕ ይህችን እንኳ ለመናገር አይበቃም ነበር።

ነገሩ ሲጣራ እንዲህ ሆኖ ተገኘ። በየሌሊቱ የሚሠራው ትእዛዝ ሁለት ፕሮግራሞችን እንደ ቱቦ ያያይዛል። የመጀመሪያው ከዳታቤዙ ይቀዳል፤ ጂዚፕ የሚባለው ሁለተኛው የተቀዳውን አጭቆ ፋይል ያደርገዋል። ከሰባት ሳምንት በፊት፣ ለጥንቃቄ ብለን፣ የዳታቤዙን ፓስወርድ ቀየርን። ስክሪፕቱ ውስጥ የተጻፈውን መቀየር ረሳን። ረሳን ማለት ረሳሁ ማለት ነው። ከዚያ ሌሊት ጀምሮ የመጀመሪያው ፕሮግራም ከበር እየተመለሰ ባዶ እጁን ይመጣል። ጂዚፕ ደግሞ ምንም ካልሰጡት ምንምን ያጭቃል፤ ፖስታውን ያሽጋል፣ ማኅተሙን ይመታል፣ ውስጡ ግን ወረቀት የለም። የፖስታው የራሱ ክብደት 20 ባይት ነው። ትእዛዞቹን የሚያስኬደው ሼልም፣ ካልነገሩት በቀር፣ በቱቦ ከተያያዙት መካከል የመጨረሻውን ብቻ ነው «እንዴት ሆነልህ?» የሚለው። ጂዚፕ የታዘዘውን ስለፈጸመ «ደህና» ይላል። በስክሪፕቱ አናት ላይ «ፓይፕፌል» የሚባለውን ቅንብር የሚያበራ አንድ መስመር ቢኖር ኖሮ፣ ከመካከል አንዱ ሲወድቅ ሥራው ሁሉ እንደወደቀ ይቆጠር ነበር። ዛሬ የማንንም የባክአፕ ስክሪፕት ስከፍት ዓይኔ መጀመሪያ የሚፈልገው ያን መስመር ነው።

የሰርቨሩ ዲስክ የሞተው መብራት ሄዶ ሲመለስ ነው። ሁለት ዲስኮች ነበሩን፤ አንዱ ለሌላው መስታወት ሆኖ፣ አንዱ ቢሞት በሌላው እንድንቀጥል። አንደኛው ግን ከወራት በፊት ሞቶ ብርቱካናማ መብራቱን ሲያበራ ከርሟል። ወደ ሰርቨር ክፍሉ የሚገባ ሰው ስላልነበረ ያየው የለም። የአርባ ስምንት ቀን የገቢና የወጪ መዝገብ ከካርቦን ኮፒ ደረሰኝ እየታየ እንደገና በእጅ ገባ። አራት ኢንኮደሮች፣ አሥራ ዘጠኝ ቀን። ከእነሱ አንዷ ማታ ስትወጣ በሬን ገርበብ አድርጋ «ዛሬ ጥቅምት 14ን ጨረስኩልህ» ትለኝ ነበር። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ለሰርቨርና ለክላውድ አስተዳዳሪ የሚሰጥ ምክር ሞልቷል። ሲስተምህን በጊዜው አድስ፣ የማትጠቀምበትን ፖርት ዝጋ፣ በፓስወርድ ሳይሆን በቁልፍ ግባ፣ በሩት ስም አትዋል፣ ሎግህን አንብብ። ሁሉም እውነት ነው፤ የሚቃወመውም የለም። ከሁሉ አንዱን ብቻ ምረጥ ብባል ግን የምመርጠው «ባክአፕ ውሰድ» የሚለውን እንዳይመስላችሁ። መውሰድማ እኛም ወስደን ነበር።

የምመርጠው ምን እንደሆነ ከእኔ በተሻለ የገባቸው አንድ ሰው አሉ። ከሃያ ዓመት በላይ በዚህ ሥራ የቆዩ፣ ወጣቶቹ «ጋሼ» ብቻ የሚሏቸው። በወር አንድ ቅዳሜ ጠዋት ቢሮው ጭር ሲል የሚያደርጉትን እንዳይ ጋበዙኝ። ሰርቨር ክፍሉ ድሮ የጽሕፈት ዕቃ መጋዘን ነበር። ማቀዝቀዣው ስለሚያንጠባጥብ ከሥሩ ሰማያዊ ባልዲ ተቀምጧል። ግድግዳው ላይ ነጭ ሰሌዳ አለ፤ ሰሌዳው ላይ የቀናትና የሰዓታት ዝርዝር። ከጋሼ ጋር ከዩኒቨርሲቲ ከወጣ ዓመት ያልሞላው አንድ ልጅ አለ።

ጋሼ ሁለት የቡና ስኒ አቀረቡ። በአንዱ ውስጥ የመሥሪያ ቤቱ ሰርቨሮች ስም በቁራጭ ወረቀት ተጽፎ ተጠቅልሏል። በሌላው ውስጥ የአሟሟት ዓይነት፦ ዲስክ፣ ሌባ፣ እሳት፣ ቫይረስ፣ የራሳችን እጅ።

«አውጣ» አሉት።

ልጁ ከመጀመሪያው «የሰው ኃይል» አወጣ። ከሁለተኛው «እሳት»።

«እንግዲህ የሰው ኃይል ዳታቤዝ ሞቷል። ሕንጻው ነዷል። እዚህ ክፍል ውስጥ ያለ ነገር ሁሉ አመድ ነው። ላፕቶፕህን ብቻ ይዘህ ወጥተሃል።» ስልካቸው ላይ ሰዓት መቁጠር ጀመሩ። «መልሰህ አሳየኝ።»

ልጁ የአረንጓዴ ምልክቶቹን ገጽ ከፍቶ ስክሪኑን ወደ እሳቸው አዞረ። «ይኸው ጋሼ፣ ዘጠና ቀን ሙሉ ተሳክቷል።»

«ይሄ ኮፒ መደረጉን ነው የሚነግረኝ። መልሰህ አሳየኝ ነው ያልኩህ።»

ጋሼ ይህን የዕጣ ልማድ የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ2017 መጀመሪያ፣ የጊትላብን ጉድ ካነበቡ በኋላ ነው። ጊትላብ የብዙ አገር ፕሮግራመሮች ኮዳቸውን የሚያስቀምጡበት አገልግሎት ነው። ጃንዋሪ 31 ቀን ምሽት ዳታቤዛቸው ተጨናነቀና ዋናውን እየተከተለ የሚቀዳው ሁለተኛ ሰርቨር ወደ ኋላ ቀረ። ሆላንድ ውስጥ የነበረ አንድ መሐንዲስ፣ መሽቶበት ሊዘጋ ሲል፣ ሁለተኛውን ባዶ አድርጎ ከዋናው እንደ አዲስ ሊቀዳው ወሰነ። «አርኤም» የሚባለውን አጥፊ ትእዛዝ ጻፈና ተጫነ። ከአንድ ሁለት ሰከንድ በኋላ ያለበት ሰርቨር ሁለተኛው ሳይሆን ዋናው መሆኑን አየ። አቆመው። 300 ጊጋባይት ገደማ ከነበረው የተረፈው 4.5 ጊጋባይት ነበር።

እስከዚህ ድረስ የማንም ሰው ስህተት ነው። በሌሊት፣ በድካም፣ ሁለት የሚመሳሰሉ ጥቁር መስኮቶች ከፍቶ የሠራ ሁሉ ወይ አድርጎታል ወይ ሊያደርገው ነበር። የሚያስደነግጠው ቀጥሎ የመጣው ነው። በየቀኑ ይወሰዳል የተባለውን ባክአፕ ፍለጋ ሲሄዱ ማስቀመጫው ባዶ ነው። ባክአፑን የሚወስደው ፕሮግራም ፖስትግረስ የሚባለው ዳታቤዝ ስሪት 9.2 ነበር፤ ዳታቤዙ ግን 9.6። አዲሱን በአሮጌ መሣሪያ መቅዳት ስለማይቻል በየቀኑ እየወደቀ ነበር። መውደቁን የሚናገር ኢሜይልም ይላክ ነበር፤ ኢሜይሉ ግን የላኪነት ማረጋገጫ ስለሌለው ተቀባዩ ሰርቨር እየመለሰው ማንም ዘንድ አልደረሰም። የክላውዱ የዲስክ ቅጂ ለሌሎች ሰርቨሮች ተከፍቶ ለዳታቤዙ አልተከፈተም። አምስት ዓይነት መከላከያ አለን ሲሉ ከኖሩት በጭንቅ ቀን አንዱም እንደታሰበው አልሠራም።

ያዳናቸው አጋጣሚ ነው። ያው መሐንዲስ ከስድስት ሰዓት በፊት፣ ለሌላ ሙከራ ብሎ፣ የዋናውን ዳታቤዝ ቅጂ በእጁ ወስዶ ነበር። በእሱ ተነሡ። በመካከል የነበረው ስድስት ሰዓት ግን ጠፋ፤ በእነሱ ግምት 5,000 ያህል ፕሮጀክት፣ 5,000 ያህል አስተያየትና 700 ያህል አዲስ የተመዘገበ ተጠቃሚ። እኔ የማከብራቸው ከዚያ በኋላ ባደረጉት ነው። የማዳኑን ሥራ በዩቲዩብ በቀጥታ አስተላለፉ፤ የሆነውንም ደቂቃ በደቂቃ ጽፈው አወጡ። በመሐንዲሱ አልፈረዱም። ከወሰዷቸው እርምጃዎች አንዱ በጣም ትንሽ ነው፦ ሰው በየትኛው ሰርቨር ላይ እንዳለ ጎልቶ እንዲታይ የትእዛዝ መጻፊያውን መስመር መለወጥ። ጋሼ ይህንኑ ወስደው የእውነተኛውን ሰርቨር መስኮት ደም የመሰለ ቀይ አድርገውታል። «ቀይ ሲታይህ እጅህን ከኪቦርዱ አንሣና ሦስት ቁጠር» ይላሉ።

ወደ ክፍሉ ልመለስ። ልጁ ክላውድ ላይ ያለውን የመጨረሻ ቅጂ አገኘ። ቀኑ የዛሬ ነው፤ ሰዓቱ 08:00 ይላል።

«በማን ሰዓት?» አሉ ጋሼ።

ልጁ ዝም አለ።

ይህ የእኛ አገር አስተዳዳሪ የሚከፍለው ግብር ነው። ብዙ ሰርቨር፣ በተለይ ክላውድ ላይ ያለው፣ የሚሠራው በዓለም አቀፉ ሰዓት ነው። አዲስ አበባ ከእሱ በሦስት ሰዓት ትቀድማለች። እኛ ደግሞ በአፋችን የምንቆጥረው ከዚያ በስድስት ተራርቆ ነው። «ባክአፑን ሌሊት ስምንት ሰዓት አድርገው» ተብሎ የታዘዘ ልጅ 8 ብሎ ከጻፈ፣ ሥራው የሚነሣው ረፋዱ አምስት ሰዓት ላይ፣ ባለጉዳይ ተሰልፎ ባለበት ሰዓት ነው። ትክክለኛው 23 ነበር፤ ያውም የዋዜማው ቀን። እንዲህ የሆነበት አንድ መሥሪያ ቤት ለወራት «አምስት ሰዓት ሲሆን ሲስተሙ ይንቀራፈፋል» እያለ ቴሌን ሲያማ ነበር። መፍትሔው ሰርቨሮችን ሁሉ በአንድ የሰዓት አቆጣጠር ማድረግ ነው፤ መርሐ ግብር ሲጻፍም ከጎኑ በአገራችን አቆጣጠር ስንት ሰዓት እንደሆነ በቃላት ማስፈር አንድ መስመር አስተያየት ነው። ሎግ ስናነብም ያው ነው፤ ሌባው የገባበትን ሰዓት በስድስት የሳተ ምርመራ የተሳሳተ ሰው ላይ ይጠቁማል።

ሌላም የተለመደ ገዳይ አለ፤ የሞላ ዲስክ። በሌሊት ተደውሎ «ሰርቨሩ ሞተ» ከተባልኩባቸው ጥሪዎች አብዛኞቹ ሞት አልነበሩም፤ ጥጋብ ነበሩ። ባክአፑ ራሱ ዲስኩን ይሞላና ዳታቤዙ መጻፊያ ያጣል። አንዳንዴ ትልቁን የሎግ ፋይል አጥፍታችሁም ቦታው አይመለስም። ፋይሉን የከፈተው ፕሮግራም እስካልለቀቀው ድረስ ሊኑክስ ቦታውን አይለቅም። የዲስኩን ቦታ የሚያሳየው «ዲኤፍ» የሚባለው ትእዛዝ ሞልቷል እያለ ፋይሎቹን የሚደምረው «ዲዩ» ግን የለም ካለ፣ መንስኤው ብዙ ጊዜ ይኸው ነው፤ ፕሮግራሙን አቁማችሁ እንደገና ብታስጀምሩት ቦታው ይመለሳል።

«ሕንጻው ነዷል» የሚለው ዕጣ ደግሞ ቀልድ አይደለም። እ.ኤ.አ. ማርች 10 ቀን 2021 ሌሊት ስትራስቡርግ፣ ፈረንሳይ ውስጥ የሚገኘው ኦቪኤች የተባለው የክላውድ ኩባንያ የዳታ ማዕከል ተቃጠለ። አንዱ ሕንጻ ሙሉ በሙሉ ወደመ፤ ከጎኑ ያለውም በከፊል። ሰው አልተጎዳም። በሚሊዮን የሚቆጠሩ ድረ ገጾች ግን ከመስመር ወጡ። «ክላውድ ላይ ነው ያለሁት፤ ምን አገባኝ?» ሲሉ የነበሩ ደንበኞች፣ ክላውድ ማለት የሆነ ቦታ ያለ የሆነ ሰው ሕንጻ መሆኑን ያን ቀን ተማሩ። ባክአፓቸው እዚያው ግቢ የተቀመጠባቸው ነበሩ፤ ኋላ ፍርድ ቤት የሄዱም አሉ።

ፎቶ አንሺው ፒተር ክሮግ ያስለመዳት ሦስት ሁለት አንድ የምትባል ደንብ አለች። ሦስት ቅጂ ይኑርህ፣ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ አንዱ ከቤት ውጭ። ከፎቶ ዓለም ወደ ሰርቨር ዓለም የተሻገረች ናት፤ እስካሁን ከእሷ የተሻለ አጭር ደንብ አላየሁም። እኔ የምጨምርባት አንድ ነገር ነው፦ ከቤት ውጭ ያለው ቅጂ በሌላ ስምና በሌላ ፓስወርድ ይያዝ። ምክንያቱ አውስትራሊያ ነው። እ.ኤ.አ. ሜይ 2024 ከ600,000 በላይ አባላት ያሉት ዩኒሱፐር የተባለ የጡረታ ፈንድ ጎግል ክላውድ ላይ የነበረው ሲስተሙ ድንገት ተሰረዘ። ሲስተሙ ከመጀመሪያው ሲዘጋጅ አንድ መሞላት የነበረበት ቦታ ባዶ ቀርቶ፣ ጊዜው ሲያበቃ በራሱ እንዲጠፋ ሆኖ ነበር። ፈንዱ በሁለት ቦታ መንትያ አድርጎ አስቀምጦ ነበር፤ ስረዛው ግን ሁለቱንም ያዘ። መንትያ መንትያውን ይከተላል፤ ዋናው ላይ የጠፋ መንትያው ላይም ይጠፋል። ሥራውን ለመመለስ ከረዱት አንዱ ሌላ ኩባንያ ዘንድ ያስቀመጡት ባክአፕ ነው።

ልጁ ማውረድ ጀመረ። ፋይሉ 60 ጊጋባይት ነው። የቢሮው መስመር ያን ጊዜ በሰከንድ 20 ሜጋቢት ይሰጥ ነበር። ስክሪኑ ላይ «6 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ቀርቷል» ሲል ልጁ ወደ ጋሼ አየ፤ ጋሼ ወደ ባልዲው አዩ። የመሥሪያ ቤቱ አለቆች «ከአራት ሰዓት በላይ ተዘግተን መቆየት አንችልም» ብለው የፈረሙበት ወረቀት ግድግዳው ላይ ተለጥፏል። ሒሳቡን ማንም ሠርቶ የሚያውቅ አልመሰለኝም። 2 ቴራባይት ቢሆን በዚህ መስመር ከዘጠኝ ቀን በላይ ይፈጃል። ዲስኩን በባጃጅ መላክ ይፈጥናል። ቀልድ አይደለም።

ይህን እያወራን መብራት ሄደ። ዩፒኤሱ መጮኽ ጀመረ፤ ከግማሽ ደቂቃ በኋላ ጄኔሬተሩ ከግቢው ተንደቀደቀ። ጋሼ ሳቁ። «ጋና የዳነችው እንዲህ ባለ ቀን ነው» አሉ።

ታሪኩ የመርስክ ነው፤ የዴንማርኩ የመርከብ ኩባንያ። እ.ኤ.አ. ጁን 27 ቀን 2017 ኖትፔትያ የተባለው አጥፊ ፕሮግራም ከዩክሬን ተነሥቶ በዓለም ዙሪያ ያለውን ኔትወርካቸውን በላው። ኋላ የኩባንያው ሊቀመንበር ዳቮስ ላይ እንደተናገሩት 4,000 ሰርቨርና 45,000 ኮምፒውተር እንደ አዲስ መጫን ነበረባቸው። ዋናው ችግር ሌላ ነበር። የሠራተኛውን ስምና መብት ይዘው ማን የት እንዲገባ የሚፈቅዱት ሰርቨሮች፣ 150 ያህል ናቸው፣ እርስ በርስ ይናበባሉ፤ አንዱ ቢሞት ሌላው ይተካዋል ተብሎ ነው የተሠራው። ሁሉም በአንድ ጊዜ ይሞታሉ ብሎ ያሰበ አልነበረም። ሁሉም ሞቱ። ከጋናው በቀር። የጋናው ቢሮ መብራት ጠፍቶበት ሰርቨሩ ከኔትወርኩ ውጭ ነበር፤ መብራት የጠፋበት ሰርቨር ደግሞ አይበከልም።

ቀጥሎ ያለውን ማንኛውም ሐበሻ በቀላሉ ይረዳዋል። እንግሊዝ ያለው የማዳኛ ቡድን ዳታው በኢንተርኔት ይላክልኝ ቢል የጋና መስመር ቀጠነ፤ ቀናት ሊፈጅ ሆነ። ሰው ይዞት ይምጣ ቢባል የጋናው ቢሮ ሠራተኞች የእንግሊዝ ቪዛ የላቸውም። በመጨረሻ አንድ የጋና ሠራተኛ ዲስኩን ይዞ ወደ ናይጄሪያ በረረ፤ እዚያ አውሮፕላን ማረፊያ ለሌላ ሰው አስረከበ፤ ያኛው ወደ ለንደን ይዞት ሄደ። ከዓለም ትልልቆቹ የመርከብ ኩባንያዎች አንዱ ሕይወቱን በእጅ ሻንጣ ይዞ ገባ። ጉዳቱ ኩባንያው ራሱ እንደገለጸው እስከ 300 ሚሊዮን ዶላር ይደርሳል። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት መብራት ይጥፋ አይደለም እንግዲህ። ከቅጂዎቹ አንዱ ከኔትወርክ የተነቀለ፣ ማንም በርቀት የማይነካው ይሁን ነው። ተነቃይ ዲስክ ሊሆን ይችላል፤ ወይም ክላውዱ ላይ ለተወሰነ ቀን ባለቤቱ እንኳ እንዳይሰርዘው ተቆልፎ የሚቀመጥ።

ክላውድ ላይ ያለውን ሲቆልፉ ግን ሒሳቡን አብሮ ማሰብ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ እንዲተመን ሲደረግ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 አልፏል። የክላውድ ሒሳብ ደግሞ በዶላር ነው። ለሙከራ ተከፍቶ የተረሳ ማሽን፣ ማንም ያልያዘው ዲስክ፣ ዳታ ሲወጣ የሚቆጠር ክፍያ ያን ሰሞን ብዙ ቢሮ ውስጥ ክርክር አስነሥተዋል። ዋሽንግተን ባለ ዘመድ ካርድ የሚከፈልባቸው ሰርቨሮችም አሉ፤ አንድ ሁለት አውቃለሁ። ካርዱ ጊዜው ሲያልፍ ማስጠንቀቂያው የሚሄደው ወደ ዘመድየው ኢሜይል ነው፤ ዘመድየው ደግሞ ኢሜይል አያይም። የክፍያውን ቀንና የድረ ገጹን የደኅንነት ሰርተፍኬት ማብቂያ ቀን ቀን መቁጠሪያ ላይ ሁለት ሰው ይያዛቸው።

መመለስ የማይቻል ነገርም አለ፤ ይህም መነሣት አለበት። መጋቢት 6 ለ7 ቀን 2016 ዓ.ም. ሌሊት፣ ዓርብ ለቅዳሜ፣ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም ደንበኞች ከሒሳባቸው በላይ እንዲያወጡ ፈቀደ። ወሬው በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ሲዛመት ተማሪዎች ሌሊቱን ኤቲኤም በር ላይ ተሰለፉ። ምክንያቱ የሳይበር ጥቃት ሳይሆን በሲስተም ጥገናና ፍተሻ ወቅት የተፈጠረ ችግር ነው ተባለ፤ ባንኩ ያለአግባብ ወጣ ያለው ገንዘብ 801 ሚሊዮን ብር ገደማ ነበር። ዳታቤዝ ወደ ትናንት ይመለሳል። ከኤቲኤም የወጣ ብር ግን በትእዛዝ አይመለስም፤ ባንኩ አብዛኛውን ያስመለሰው በልመናም በማስፈራሪያም፣ ያልመለሱትን ሰዎች ስምና ፎቶ እስከ መለጠፍ ደርሶ ነው። ጋሼ ዓርብ ማታ ምንም ለውጥ አያስነኩም። ከዚያ በፊትም አያስነኩም ነበር፤ አሁን ግን ምክንያቱን የሚጠይቃቸው የለም።

ልጁ ማውረዱን አቋረጠው። «ጋሼ፣ ለምን እዚያው አላስነሣውም? ክላውዱ ላይ ማሽን ከፍቼ ዳታውን እዚያው ብመልሰው፣ እኛ በብራውዘር ብቻ እንገባለን። የሚያልፈው ገጹ ብቻ ነው።»

ጋሼ አልመለሱም፤ ግን ወንበራቸውን አስጠጉ። ልጁ በአሥራ አንድ ደቂቃ ማሽኑን አስነሣ። ቅጂውን እዚያው በጥቂት ደቂቃ ቀዳው። የስድስት ሰዓቱ ሥራ ወደ ሻይ ሰዓት ሊወርድ ነው። ስክሪኑ ላይ አንድ ባዶ ሳጥን መጣና የምስጢር ቁልፍ ጠየቀ፤ ቅጂዎቹ ከመውጣታቸው በፊት ይመሰጠራሉ፤ ደግሞም ሊመሰጠሩ ይገባል።

«ቁልፉ ፓስወርድ ማስቀመጫው ውስጥ አለ» አለ ልጁ፤ መጻፍ ጀምሮ ጣቱ አየር ላይ ቀረ።

«እሱ የት ነው ያለው?»

«እዚህ ... ሰርቨሩ ላይ።»

«ነዷል።»

«በፖስታ የታሸገ አለ ጋሼ። ሒሳብ ክፍል፣ ካዝና ውስጥ።»

«ካዝናው የት ነው?»

«ሁለተኛ ፎቅ።»

ጋሼ ዝም አሉ። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 4 ቀን 2021 ፌስቡክ፣ ኢንስታግራምና ዋትስአፕ ለስድስት ሰዓት ያህል ከዓለም ሲጠፉ የሆነውም ይኸው ነው። አንድ ስህተት ኔትወርኩን ሲቆርጠው የመሐንዲሶቹ የራሳቸው መሣሪያ በዚያው ኔትወርክ ላይ ስለነበር ከርቀት ማስተካከል አልቻሉም፤ ሰው ወደ ዳታ ማዕከሎቹ በአካል መላክ ነበረባቸው።

ሦስተኛው ቁልፍ የክፍል ኃላፊው ቤት እንደነበረ ልጁ አስታወሰና ደወለ። ስልኩ ዝግ ነው። ወደ ባለቤታቸው ደወለ። ደብረ ብርሃን ለቅሶ ሄደዋል፤ ማታ ይመለሳሉ።

ጋሼ ስልካቸውን አዩና ቆጣሪውን አቆሙት። ከነጩ ሰሌዳ ላይ፣ ካለፉት ወራት ሥር፣ ቀኑን ጻፉ፤ ከጎኑ «1 ሰዓት ከ52 ደቂቃ»፤ ከዚያ ቀጥሎ በቀይ «አልተመለሰም»። ከበላዩ ካሉት ዘጠኝ መስመሮች ሦስቱም ቀይ ነበሩ።

«ሰኞ ቁልፉን ሁለት ቦታ እናስቀምጣለን» አሉ። «ሁለቱም ከዚህ ሕንጻ ውጭ።»

ልጁ ራሱን ነቀነቀ፤ ክላውዱ ላይ የከፈተውን ማሽን ሒሳብ እንዳይቆጥር ዘጋው፤ ከዚያም የሞላውን ባልዲ አንሥቶ ሊደፋው ወጣ።